የውባየሁ ፊልም ሊወጣ ነው

በየወረዳው ከተማ ገና ላልመጣ ነገር አምባሳደር የሆነ አንድ ሰው አይጠፋም። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው፣ ጡረታም አይወጣ። አንዱ የአስፋልት አምባሳደር ነው፤ ቀያሾቹን በዓይኑ አይቷቸዋል። ሌላው የኔትወርክ አምባሳደር ነው፤ ማማው የሚተከልበትን ጉብታ ለይቶ ያውቃል፣ ዘመዱ ነግሮታል። እነዚህ ሰዎች ያልመጣውን ነገር ከመጣው አብልጠው ያውቁታል። የሚያወሩትም ሊያታልሉን ሳይሆን ከልባቸው አምነው ነው። የሚያደክመውም ይኸው ነው። ውሸታምን "ተው እንጂ" ይሉታል፤ አማኝን ግን ምን ይሉታል?

ለእኛ ለደገኞቹ ለሞላሌ ከተማ ሰዎች የደረሰን የፊልም አምባሳደር ነው።

ክቡር አምባሳደር ውባየሁ ገሠሠ በመንግሥት ሥራቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ናቸው፤ በአጭሩ በግ ይከትባሉ። ዘለግ ያሉ፣ ከሲታ፣ የበግ ጠጉር ባናቸውን ክረምት ከበጋ ከትከሻቸው የማያወርዱ፣ ሲጠጉ የበግ መድኃኒት የሚሸቱ ሰው ናቸው። ማዕረጉን ከሰጠኋቸው ይበቃልና ከዚህ በኋላ "እሱ" እያልኩ እቀጥላለሁ፤ እድሜያችን እኩል ነው፣ ደግሞም በእናቱ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስለምኖር በየማለዳው ፊቱን ሳይታጠብ አየዋለሁ።

ፊልሙ ስም አለው። ግን ስሙን አዘጋጆቹ ራሳቸው ደጋግመው ስለቀየሩት፣ ሞላሌ ላይ "ፊልሙ" ማለት ይበቃል። ከፊደል ቆጣሪ እስከ ሽማግሌ ታሪኩን የማያውቅ የለም። ሁለት ፀሐይ ያላት አንዲት ዓለም አለች። አንደኛዋ ፀሐይ ልትጠፋ ነው። ሕዝቡ እንደ ከተማ የሚሰፋ መርከብ ሠርቶ ወደ ሰማይ ሊሰደድ ነው። ሠሪዎቹ ፈረንጆች ናቸው፤ ዓለም አይቶት የማያውቅ ነገር ካልሠራን ብለው ዓመታት ፈጅተዋል። ይህ ሁሉ እኛን ምን አገባን ለሚል፣ ከፊልሙ ጥቂቱ የተቀረጸው እዚሁ እላያችን ጓሳ ተራራ ላይ ነው። እዚያ ያለው ጅባራ የሚሉት ረጅም ተክል ሌላ ዓለም ለመምሰል ብዙ ማስጌጥ አያስፈልገውምና መርጠውት መጡ። ከአገሩም ሰው መልምለው አስቀረጹ። ውባየሁም አለበት።

"ሊወጣ ነው!" ይላል ሰላምታ ሲሰጥ። እንደምን አደርክ ስትለው "ሊወጣ ነው!" ነው መልሱ። ሁለተኛው ቃሉ "ቆይ ብቻ፣ በዓይንህ ታየዋለህ" የሚል ነው። ሦስተኛው ወደ እኔ የሚወረወር ነው፤ "መምህር፣ አንተ ፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ?"

ነኝ፤ ወንጀሌ እሱ ነው። የመርሐቤቴዋ የዓለም ከተማ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት የለመደ ሰው። ሞላሌ ስመደብ ብርዱን እንጂ ውባየሁን ያስጠነቀቀኝ አልነበረም። ለብርዱስ ባና ገዛሁለት። ለእሱ ግን መከላከያ አላገኘሁም። ጎህ ሲቀድ ከደጄ ቆሞ "መምህር፣ ተነስተሃል?" ይላል። አልተነሳሁም። "አንዷ ፀሐይ ስትጠፋ ሌላዋ ብቻዋን ውኃውን ከመርጋት ታድነዋለች?" እኔ ራሴ በባልዲዬ ያለውን ውኃ የሚያድንልኝ ባጣሁበት ሰዓት ነው እንዲህ የሚጠይቀኝ።

ከዚህ ኑሮ በኋላ አንዲት ሕግ አወጣሁ። ምንም ቢመጣ፣ ምንም ቢሆን፣ "መቼ ነው የሚወጣው?" ብዬ ላልጠይቀው። ይህችን ጥያቄ ሳያውቅ የጠየቀ ሰው አውቶቡስ አምልጦታል፤ ሻዩ ቀዝቅዞበታል፤ አንድ የሒሳብ ሹም ጠይቆት ስብሰባ ቀርቷል። እኔ ግን ሕጌን አክብሬ ኖርኩ።

አንድ ቅዳሜ በሞተር ብስክሌቱ አፈናጥጦኝ ወደ ዘመሮ በሚወስደው መንገድ ካለ አንድ ቀበሌ ለክትባት ወጣን። አያ አፈወርቅ የሚባሉ ገበሬ በጎቻቸውን በረት አስገብተው ጠበቁን። ውባየሁ አንዷን በግ በጉልበቱ ይዞ፣ መርፌውን እያዘጋጀ ጀመረ።

"መርከቡ ርዝመቱ ከዚህ ተነስቶ እማዶ ገደል ድረስ ነው፣ አያ አፈወርቅ።"

"ይሁን። ወጋሃት?"

"ወግቻታለሁ። ታዲያ ፀሐይቱ ልትጠፋ ስትል ሰማዩ መጀመሪያ ሐምራዊ ይሆናል፤ ከዚያ ቀስ እያለ..."

"አንተ ልጅ፣ ይቺን እኮ ደገምካት።"

"አይጎዳትም። ከዚያ ቀስ እያለ እንደ አመድ ይሆናል።"

"እዚያ አገር በግ አለ?" አሉ አያ አፈወርቅ።

ውባየሁ መርፌውን እንደያዘ ቆመ። በግ መኖር አለመኖሩን አስቦት አያውቅም ነበር። "ሳይኖር አይቀርም" አለ በመጨረሻ። አያ አፈወርቅ በዚህ መልስ ረኩ። ያቺ የተደገመችው በግ ግን እስክንሄድ ድረስ በጥርጣሬ ዓይን ታየው ነበር።

ሌላ ጊዜ በማኅበር ላይ ቄስ መርስዔ ኃዘን ባሉበት ነገሩን አመጣው። እሳቸው የፊልም ወሬ አይወዱም፤ ግን ነገር ካነሱ ጠልቀው ይገባሉ።

"እንግዲያ ሁለት ፀሐይ ካለ ሰው ሁለት ጥላ አለው ማለት ነው?" አሉ።

"አዎን አባ፤ ሁለት ጥላ።"

"ታዲያ በጾም ጊዜ ሰዓቱን በየትኛው ጥላ ለክተው ነው የሚበሉት?"

እኛ አገር ሰዓት ባልነበረበት ዘመን ካህናቱ ጥላቸውን በጫማቸው እየለኩ ነበር የጾሙን መፍቻ የሚያውቁት፤ ቄስ መርስዔ ኃዘን እስከ ዛሬ እንዲያ ነው የሚያደርጉት። ውባየሁ ግራ ሲገባው ወደ እኔ ዞረ። "መምህር፣ አንተ ፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ?" እኔ ከሰል ቢጤ ይዤ በድፍድፍ ማድጋ ክዳን ላይ የሁለቱን ጥላ ርዝመት ሳሰላ ዳቦው አለቀ። "በረጅሙ ይለኩ" ብዬ ጨረስኩ። ቄሱም "እሱስ ይሻላል፤ ሰነፍ ነው በአጭሩ የሚለካ" ብለው አጸደቁልኝ። ያቺ ዓለም በዚያ ቀን የጾም ሥርዓት ተበጀላት፤ እኔ ጦሜን ወደ ቤቴ ገባሁ።

ፊልሙ ግን አይወጣም። መጀመሪያ ለፋሲካ ይወጣል ተባለ። ፋሲካ መጣ፣ ዶሮው ተበላ፣ ፊልሙ የለም። ከዚያ ለመስቀል ተባለ። ከዚያ ለገና። አዘጋጆቹ ቀን በገፉ ቁጥር ክቡር አምባሳደር ከእነሱ በላይ ያስተባብሉላቸዋል።

"የፀሐይቱን ቀለም እያስተካከሉት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።"

የሻይ ቤቱ ባለቤት ይሥሐቅ ይህን ሲሰማ ብርጭቆ ማጠቡን ያቆማል። "ውባየሁ፣ ነገርህ እኮ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ።"

"ላሚቱ ካለች ወተቱ አይቀርም" ይላል የከብት ሐኪሙ።

ሰው ሁሉ የሚስቅበት በአንድ ምክንያት ነበር። ሰውዬው ራሱን በፊልም ሊያይ ቋምጧል፤ አለቀ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ከሕዝብ መሃል ባና ለብሶ ያለፈ ሰው፣ ያቺን ትከሻውን ለማየት ይህን ሁሉ ዓመት ጆሯችንን አደነቆረው እል ነበር። አልጠላሁትም። ታከተኝ ነው የምለው። ሰው የሚታክተውን ሰው ላይጠላ ይችላል፤ ጎረቤት ሆኖ የኖረ ያውቀዋል።

ባለፈው ጥቅምት ትሬለሩ ወጣ። ትሬለር ማለት የፊልሙ ቅምሻ ነው። ዜናው ሲደርሰን የሞላሌ ኔትወርክ አንድ ፎቶ እንኳ የሚያወርድበት አቅም አልነበረውም። ውባየሁ ፈቃድ ጠይቆ፣ በመጀመሪያው መኪና ደብረ ብርሃን ወርዶ፣ ትሬለሩን በፍላሽ ይዞ ተመለሰ። መኪናው ቆሞ ሲወርድ አገኘሁት፤ ፍላሹን በደረት ኪሱ አድርጎ፣ በላዩ ላይ እጁን ጭኖ።

"እሺ፣ እንዴት ነው?" አልኩት። ይህ ከሕጌ ውጭ አይደለም።

"አላየሁትም።"

"እንዴት አላየኸውም? እዚያ ድረስ ሄደህ?"

"ከእማዬ ጋር ነው የማየው። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ይሥሐቅ ቤት።"

ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዶ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቀውን ነገር በኪሱ ይዞ፣ ሳያየው መጣ። ያን ጊዜ ነው ይህን ሰው አላውቀውም ይሆን ያልኩት።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እናቱ ወይዘሮ ወለተኪዳን ክንዴን ያዝ አደረጉ። "መምህር፣ አብረን እንሂድ፤ ድንጋዩ አይለይልኝም" አሉ። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያንና ከለቅሶ ቤት በቀር የትም የማይሄዱ ሴት ናቸው። ሻይ ቤት ሲገቡ አይቼ አላውቅም።

"እትዬ ወለተኪዳን፣ እርስዎም ፊልም ይወዳሉ እንዴ?" አልኳቸው ላጫውታቸው ብዬ።

"ፊልም ምን እንደሆነ በየት አውቄው ልጄ? የገሠሠን ለቅሶ ላየው ነው እንጂ።"

ገሠሠ ባለቤታቸው ነበሩ፤ የውባየሁ አባት። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው ያረፉት። የማላውቀውን ነገር እስከ ሻይ ቤቱ ደጃፍ ድረስ እየቆሙ፣ እያረፉ ነገሩኝ።

ጋሽ ገሠሠ የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ነበሩ። ሰው ሲያርፍ ጎህ ሳይቀድ ከተማውን ዞረው፣ ጡሩምባ ነፍተው፣ የሟቹን ስም ጠርተው "ለቀብር ውጡ" የሚሉት እሳቸው ናቸው። ሞላሌ ላይ ያለ እሳቸው ድምፅ የተቀበረ ሰው አልነበረም። እሳቸው የሞቱት ግን በኮሮናው ዓመት ነው፤ ሰው እንዳይሰበሰብ በታወጀበት ወራት። ጡሩምባው አልተነፋም። ስማቸውን የጠራ የለም። ጥቂት ሰው ተራርቆ ቆሞ ቀበራቸው፤ ዕድርተኛው በየደጁ ሆኖ ከሩቅ አለቀሰ። "ስንቱን ጠርቶ፣ እሱን የሚጠራው ጠፋ" አሉ እትዬ ወለተኪዳን። "ውባየሁ ያን ጊዜ እንባም አልወጣው። ወንድ ልጅ በለቅሶ መሃል ነው እንጂ ብቻውን የት ያለቅሳል?"

በሽታው ጋብ ሲል ፈረንጆቹ መጡ። ፀሐይቱ ስትጠፋ የሚያለቅስ ሕዝብ ፈለጉ። የሞላሌ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ጓሳ ወጣ። አስተርጓሚው "አልቅሱ" አላቸው።

"ሟቹ ማነው?" አለች አንዷ ሴት።

"ሟች የለም። ፀሐይ ናት የምትሞተው።"

"ፀሐይማ ይኸው አለች። በቁም ያለን ነገር ማልቀስ ሟርት ነው።"

አስተርጓሚው ለመነ። ሽማግሌዎቹም የሴቶቹን ቃል ደገፉ፤ ያለ ሟች አይለቀስም፤ ስም ሳይጠራም ለቅሶ የለም። ሰዉ ወደ መኪናው መመለስ ሲጀምር ውባየሁ ከመሃል ወጣ።

"አባቴ አለ" አለ። "ያልተለቀሰለት። ለሱ አልቅሱ።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲነግሩኝ እትዬ ወለተኪዳን መንገዱ መሃል ቆመው ነበር። አገሩ የቆየበትን ለቅሶ አለቀሰ። ሙሾ ወረደ። ሰው ደረቱን ደቃ። ዕድርተኛው ተቀባብሎ የገሠሠን ስም ጠራ፤ የጓሳ ገደልም መልሶ ጠራው። ውባየሁ አባቱ ከሞቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን አለቀሰ። ዳይሬክተሩ በቃ ብሎ ቢጮህ ማን ይስማው፤ ለቅሶ የሚቆመው ሽማግሌ ሲያቆመው ነው። ሽማግሌዎቹ "ይብቃችሁ" ሲሉ ቆመ። ፈረንጆቹ በካርቶን ምሳ ሲያድሉ ሰዉ እዝን መስሎት፣ ለቅሶ ቤት የሚመጣ ምግብ መስሎት፣ ከልቡ መረቃቸው። ከዚያም ተሰልፎ እትዬ ወለተኪዳንን "እግዜር ያጥናሽ" አላቸው። ዳይሬክተሩም ሰልፉን ሲያይ ኮፍያውን አውልቆ ከኋላ ተሰለፈ።

"ደህና ሰው ነው" አሉ እትዬ ወለተኪዳን። "እጄን ይዞ አንገቱን ደፋ። እንግዲህ የገሠሠ ለቅሶ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ የለውም።"

ይሥሐቅ ሻይ ቤት ሰው ሞልቶ ነበር። ቄስ መርስዔ ኃዘን ሳይቀሩ መጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሊያዩ ሳይሆን ሊያርፉ እንደሆነ ለሁሉም እየተናገሩ። ውባየሁ እናቱን ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካ።

ልዋሽ አልችልም፣ ነገሩ ውብ ነው። ሁለቱ ፀሐዮች ወጡ፤ አንዷ ትልቅ፣ አንዷ ቀይ። መርከቡ ሲነሳ ብርጭቆዎቹ የተንቀጠቀጡ መሰለኝ። ጅባራዎቹን ማማ አሳክለው፣ ውስጣቸው ብርሃን አብርተውባቸዋል። ሰዉ ሁለት ሁለት ጥላ ነበረው፤ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህን ሁሉ ዓመት ውባየሁ ሲነግረን የጨመረው ነገር አልነበረም። እንዲያውም አሳንሶት ነበር።

ከዚያ የእኛ ሰው መጣ። ሜዳ ሙሉ ሰው፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። ባናው ሁሉ በኮምፒውተር ብር በብር ሆኗል። አንዲት ሴት ከፊት ቆማ ደረቷን ስትደቃ ታየች፤ እትዬ ወለተኪዳን ነበሩ። ከኋላቸው አንድ ረጅም ሰው ፊቱን በእጁ ሸፍኗል። ወዲያው አለፈ። ድምፅ ግን አልነበረም። በለቅሶው ላይ ከበሮና ቫዮሊን የበዛበት የፈረንጅ ሙዚቃ ጭነውበታል። ሙሾው የለም። የተጠራ ስም የለም።

"ድምፃችንስ?" አሉ እትዬ ወለተኪዳን።

ውባየሁ ወደ እናቱ ጎንበስ አለ። "ይሄ ቅምሻው ነው እማዬ" አለ ቀስ ብሎ። "ድምፁ... ዋናው ላይ ይኖራል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊዚክስ አስተማሪ አይደለህ አላለኝም፤ ዓይኑ ግን ያንኑ ነበር የሚለው። እኔ ይኑር አይኑር አላውቅም። ፊልም ሠሪ የማያውቀውን ቋንቋ ለቅሶ ለምን ብሎ ያስቀምጣል? ልቤ እንዲህ ነው ያለኝ።

"ዘፈኑን ዝጋውና ድገመው" አሉ እናቱ።

ይሥሐቅ ድምፁን አጠፋው። ውባየሁ ደገመው። ፀሐዮቹ በዝምታ ወጡ። መርከቡ በዝምታ ተነሳ። ሰዎቻችን ሲመጡ፣ እትዬ ወለተኪዳን ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ ጓሳ ላይ ያወረዱትን ሙሾ ዝቅ ባለ ድምፅ አወጡት።

ስንቱን ጠርቶ ኖሮ፣ ለስንቱ አልቅሶለት፣
ገሠሠ ሲሄድ ግን ደጁ ሰው ጠፋበት።

ሴቶቹ ተቀበሉ። ይሥሐቅ ምስሉን እዚያው ላይ አቆመው። ብር የለበሱት ሰዎች እጃቸውን ወደዚያች ቀይ ፀሐይ እንደዘረጉ ቆሙ፤ ሻይ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ገሠሠ ተጠራ፣ ደጋግሞ ተጠራ፤ እስኪበቃ ድረስ። ቄስ መርስዔ ኃዘን "ይብቃችሁ" ሲሉ ቆመ፤ "ነፍስ ይማር" አሉ፤ ሁላችንም ደገምን።

ውባየሁ ምንም አላብራራም። እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ፍላሹን ነቅሎ በመዳፉ ይዞ፣ ባናውን እስከ ዓይኑ ስቦ ተቀምጧል። የዚህን ሰው ወሬ የሰለቸሁ እኔ፣ ዝምታውን መቻል አቃተኝ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ።

"ውባየሁ" አልኩት። "መቼ ነው የሚወጣው?"

ቀና ብሎ አየኝ። ሕጌን ያውቃት ኖሯል መሰል፣ ትንሽ ጊዜ አላመነኝም። ከዚያ ባናውን ከፊቱ ገለጥ አደረገ፣ አፍንጫውን ጠረገ፣ ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ።

"ሊወጣ ነው!" አለ። "አሁን የቀራቸው ድምፁ ብቻ ነው። ለምን እንደዘገየ ልንገርህ?"

"ንገረኝ" አልኩና ይሥሐቅን ሻይ ድገመን አልኩት።